ስለ ወለተ ኪዳን የመለሰችው ሴት

እልልታውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። የሰፈሩ ሰው ሲያወራው "ይመኙሽ ናት" ይላል፤ ይመኙሽ ግን በዚያች ደቂቃ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማ ነበር። እልልታው የወጣው ከእኔ ጉሮሮ ነው። በዚያ ቤት ከተቀመጥነው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ የሚመጣውን ነገር ያዩት ቄስ ሐብተ ማርያም ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ብርጭቆአቸውን መሬት አስቀምጠው ዝም አሉ።

ስሜ የትናየት ይባላል። አራዳ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ቤቴ ቁስቋም ነው። አፈ ፈጣን ናት ይሉኛል፤ ሐሜት አይደለም፣ እውነት ነው። የተወለድኩት ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን አለፍ ብሎ ባለ መንደር ነው። ይመኙሽ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። በአንድ ዓመት ተዳርን። የእኔ ትዳር ልጅ ሳላይበት ፈረሰና ወደ ጎንደር ወረድኩ፤ እሷ ከባሏ ከአለበል ጋር እዚያው ቀርታ ልጆች ወለደች። የመጨረሻዋ ፀደንያ ናት።

ይመኙሽ ያችን ልጅ ክርስትና እንዳነሳላት ለመነችኝ። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነውና ቀኑ ሲቃረብ ነጭ ቀሚስ ገዝቼ ተነሳሁ። ክረምት ነበር። የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ከደባርቅ ወዲያ ጭቃ ውጦት ቀረ። እየተንገላታሁ ስደርስ ልጅቱ ተጠምቃ፣ ድግሱ ተበልቶ፣ ጎረቤቱ ተበትኗል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይመኙሽ አላስችል ብሏት፣ "ምነው ታለቅሻለሽ? አንዲት እንግዳ ሴት ቤተ ክርስቲያን አገኘንና ያዘችልሽ። የክርስትና እናቷ አንቺው ነሽ" አለችኝ። ቀሚሱን አለበስኳት። ከዚያ ወዲህ ጃናሞራም ጎንደርም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ስለ እንግዳዋ ሴት አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ምን አገባኝ?

ልጅቱ ከፍ ስትል እኔ ዘንድ መጥታ ተማረች፤ አሁን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። "እማ የትናየት" ትለኛለች። ሰው "ልጅ አለሽ?" ሲለኝ ቶሎ "አለኝ" ማለት የጀመርኩት በእሷ ነው።

ወደ እጮኛዋ ወደ ህሩይ ልምጣ። እናቱ ሸዋረግ ትባላለች፤ የሟች መሪጌታ ሚስት፣ እኔም በሰላምታ ብቻ የማውቃት ሴት ነበረች። ደም ግፊቷን ለመለካት ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ፀደንያን ወደደቻት። "የዚያች ልጅ እጅ ሸጋ ነው፤ ገና ስትይዘኝ ግፊቱ ይወርድልኛል" እያለች ለሴቱ ሁሉ ታወራ ነበር። ከዚያ መድኃኒቷን ራሷ መቀበሉን ትታ ልጇን መላክ ጀመረች። ምን እንዳሰበች ለማንም አልጠፋውም። ህሩይ ዲያቆን ነው። ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ መንገድ ላይ ሰላም ስትለው ጫማውን የሚያይ፤ ሲቀድስ ግን ድምፁ ከደጀ ሰላም አልፎ አስፋልቱ ላይ ይሰማል። መድኃኒቱ መልእክት ሆነ፣ መልእክቱ ፍቅር ሆነ፣ ፍቅሩ ሽማግሌ ላከ።

ከፋሲካ በኋላ በቁርባን ሊጋቡ ተስማሙ። ከዚያም ህሩይ ቅስና ይቀበላል። ዲያቆን ካልመነኮሰ በቀር ቄስ የሚሆነው አስቀድሞ በቁርባን ሲያገባ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ሚስቱንም ቅስናውንም በአንድነት ተስፋ ያደርግ ነበር።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት አለበልና ይመኙሽ ቤተሰብ ለማየት ከጃናሞራ ወረዱ። እኔ ቤት ጠላ ተጠመቀ፣ በግ ታረደ። ከህሩይ ጋር እናቱ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታቸው ቄስ ሐብተ ማርያም መጡ። ቄስ ሐብተ ማርያም የአጥቢያችን አስተዳዳሪ ናቸው። ቁጣቸውም ሳቃቸውም አጭር ነው።

ምሳው ተበልቶ ሰው ዘና ሲል ሸዋረግ ወደ አለበል ዞር አለች።

"አያ አለበል፣ ጃናሞራ ሲባል ልቤ ይሞቃል። እኔም አንድ ክረምት ነበርኩ" አለች። "ወንድሜ መካነ ብርሃን አስተማሪ ነበር፤ ታሞ ልጠይቀው ሄድኩ። እሁድ ከቅዳሴ በፊት አንድ ቄስ ጠሩኝ። ሕፃን ልትጠመቅ ቀርባ፣ ክርስትና የምታነሳት ሴት ቀርታባቸው ሰዎቹ ተጨንቀዋል። 'ቆራቢ ነሽ ወይ?' አሉኝ። 'ነኝ' አልኩ። አነሳኋት። በነጋታው ወንድሜ ጠንቶበት ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ስንወርድ ልጅቱን ሳልሰናበት ቀረሁ። ወለተ ኪዳን ነበር የክርስትና ስሟ።"

ይመኙሽ ሳህን እያነሳች ነበር። ሳህኑን እንደያዘች ቀጥ አለች።

"ወንድምሽ ደመቀ ነው?"

"አዎ፣ ነፍሱን ይማረውና። በምን አወቅሽው?"

"ወለተ ኪዳን ይቻት!" አለች ይመኙሽ ፀደንያን እያመለከተች፤ አፏንም በነጠላዋ ያዘች።

እልል ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ደስታ አይደለም እንዴ? ጭቃ ውስጥ በቀረሁ ጊዜ ልጄን የያዘችልኝ ሴት፣ ዞራ የልጄ አማት ልትሆን! ሴቱ ሁሉ ተቀበለኝ። አለበል ተነስቶ ግንባሩ መሬት እስኪነካ አመሰገነ። ሸዋረግ ፀደንያን አንገቷን አቅፋ "ልጄ፣ ልጄ፣ አንቺ ነሽ?" እያለች አለቀሰች፤ ፀደንያም አብራ ታለቅስና ትስቅ ነበር። ደስታውን ጠጥተን ስንረካ ነው ሁለት ሰው ዝም እንዳለ ያየሁት። አንዱ ህሩይ ነው፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ሌላው ቄስ ሐብተ ማርያም ናቸው።

"እንግዲህ ዛሬ ሌላ ነገር አንጨርስም" አሉ ቄሱ። "ጸልየን እንለያይ።"

"ምነው አባ? ገና ቀን አልቆረጥንም እኮ!" አልኩ።

"የክርስትና ልጅ ከሆድ ልጅ አትለይም፣ የትናየት። ሸዋረግ አንስታት ከሆነ ህሩይና ፀደንያ ወንድምና እህት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ወንድምና እህት አታጋባም።"

ይህን ሥርዓት የማያውቅ ሰው አልነበረም እኮ። እኔም አውቃለሁ፣ ሸዋረግም የመሪጌታ ሚስት ናት፣ ከማንም በላይ ታውቃለች። ደስታው ቀድሞን ነው። አለበል "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ብሎ አጉተመተመ፤ ሸዋረግ ምላሷን ነክሳ ብትቆርጠው በወደደች። ፀደንያ አሁንም በእቅፏ ውስጥ ነበረች። ቀስ ብላ ወጣች።

በማግስቱ ሱቄን ሳልከፍት ቄስ ሐብተ ማርያም ዘንድ ሄድኩ። እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል።

"አባ፣ የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። አገር ያውቀዋል። ሸዋረግ የያዘችው በእኔ ፈንታ ነው።"

"አንቺ ደባርቅ ጭቃ ውስጥ ሆነሽ?"

"አዎ፣ ጭቃ ውስጥ ሆኜ!"

ሳቅ አሉና መልሰው ኮስተር አሉ። "ስሚኝ። ሕፃን አትናገርም። ስለ እሷ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክድ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አምናለሁ የሚል ሰው ያስፈልጋል። ስለ ልጅቱ የመለሰው እሱ ነው ወላጅ የሚሆን። ቀሚስ የገዛ አይደለም።"

"ቀሚስ ብቻ ነው እንዴ የገዛሁት? ማን አሳደጋት? ማን አስተማራት?"

"እሱን እግዚአብሔር ይቆጥርልሻል። እኔ የምጠየቀው ስለ ሥርዓቱ ነው።" እስከ በሩ ሸኝተውኝ ቀጠሉ። "ብቻዬን አልፈርድም። እሁድ ሰበካ ጉባኤው ይሰማል። ያጠመቋት ካህን አርፈዋል፤ ያለን የሸዋረግ ቃል ብቻ ነው። 'ለሌላ ሰው ብዬ ያዝኩ እንጂ እናትነቱን አልተቀበልኩም' ካለች፣ ቃሏን የሚያፈርስ የለም። ነገር ግን ምን እንደምትል እኔ አልነግራትም። አንቺም ባትነግሪያት ይሻላል።"

ከእሳቸው ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሸዋረግ ቤት ሄድኩ፤ ነገርኳት።

ተኝታ ነበር። ግፊቷ ወጥቶባት ራሷን በሻሽ አስራለች። የምትለውን ቃል በቃል አስጠናኋት።

"እንዲያ ብዬ አልነበረም እኮ፣ የትናየት" አለች። "ያኔ አንቺ መኖርሽንም አላውቅ። ስምሽን የሰማሁት ጎንደር ነው።"

"አሁን ታውቂዋለሽ! ማን 'ያኔ አታውቂያትም ነበር' ይልሻል? እኔ ነኝ ባለጉዳይዋ፣ እኔ ያዘችልኝ ካልኩ ማን ይከራከራል?"

"ውሸት ነው።"

"ልጅሽን ትወጂዋለሽ አትወጂውም?"

ይህን ማለቴ ጭካኔ ነበር፤ ግን ሌላ መንገድ አልታየኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና "እላለሁ" አለችኝ። እጇን ሳምኩት።

በዚያ ሳምንት ፀደንያ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቀላል። ሥራዋን ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ አልጋዋ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ትቀመጣለች። "ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ተፈራረሙ" አልኳት። "መንግሥት የክርስትና እናት አይጠይቅም።" እውነቴን ነው፣ አይጠይቅም። ህሩይም እሷ ካለች እንደሚሄድ ነግሯት ኖሯል።

"አልልም" አለችኝ። "ከሄደ ዳግመኛ መቅደስ አይገባም። ሲቀድስ ሰምቼ የወደድኩትን ሰው ድምፁን ላዘጋው ነው? በኋላ ዓይኑን እንዴት አያለሁ?"

"እንግዲያው ጸልዪ" አልኳት። "ሸዋረግ አንድ ቃል ከተናገረች ሁሉም ያልቃል።" ምን ቃል እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ገብቷት ይሆናል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያው አዳራሽ ተሰበሰብን። የጉባኤው አባላት ወንበር ይዘዋል፣ እኛ አግዳሚው ላይ ተደርድረናል። ነገሩ ገና ሲጀመር አያ ክንዱ ተነሱ። አያ ክንዱ የምእመናን ተወካይ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ክርክር ጉባኤው ጣሪያ እንኳ አያስጠግንም።

"ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው" አሉ። "ለሀገረ ስብከቱ ይጻፍ፤ ካልሆነም ለቅዱስ ሲኖዶስ ይቅረብ።"

"አያ ክንዱ፣ ሲኖዶሱ እስኪመልስ እነዚህ ልጆች ሽበት ያወጣሉ" አልኳቸው። የሳቀ ሰው አልነበረም። ቄስ ሐብተ ማርያም በዓይናቸው አስቀመጡኝ።

ሸዋረግን ጠሯት። ቆመች። ቄሱ በእጃቸው የያዙትን መስቀል ጠረጴዛው ላይ፣ ከእሷ ራቅ አድርገው አኖሩት። ያን ሲያደርጉ ሳይ ልቤ ተስፋ አደረገ። እሳቸውም እንድታመልጥ ይፈልጋሉ አልኩ፤ እስከ ዛሬም ይህንኑ ነው የማምነው።

"ሸዋረግ፣ አላስምልሽም። ቃልሽ ይበቃል። ያችን ሕፃን የያዝሽው እንዴት ነው?"

"ለየትናየት ብዬ ነው፣ አባ። እሷ ስለቀረች በፈንታዋ ያዝኩላት።"

"እናትነቱን አልተቀበልሽም?"

"አልተቀበልኩም።"

"ፀደንያ የክርስትና ልጅሽ አይደለችም?"

ይህን አላስጠናኋትም ነበር። ሸዋረግ ወለሉን አየች። ፀደንያ ከእኔ አጠገብ ተቀምጣ የሸዋረግን አፍ ትጠብቅ ነበር። "ልጄ፣ ልጄ" ብላ ካቀፈቻት ገና ሳምንቷ ነው።

"አይደለችም" አለች ሸዋረግ።

አያ ክንዱ "ተመስገን" ሲሉ ሰማሁ። እኔም ውስጤ ተፈታ፤ የፀደንያን እጅ ጨበጥኩት። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ መልሳም አልጨበጠችኝም። ቄስ ሐብተ ማርያም ዙሪያውን አዩ።

"ጉባኤው ቃሏን ሰምቷል። የሚቃወም አለ?"

ይህ የወግ ጥያቄ ነው። ማንም እንዲመልሰው አይጠበቅም።

"አለ" አለ ህሩይ።

"ህሩይ፣ ተቀመጥ!" አልኩ ጮክ ብዬ። አልተቀመጠም። ጫማውን የሚያይ ልጅ፣ ያን ቀን እናቱን ፊት ለፊት አያት።

"እማ፣ እውነቱን ትናገሪያለሽ ብዬ ነው ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያልኩት። ልጠይቅሽ። ስትጸልዪ ስማችንን ትጠሪያለሽ። የአባባን፣ ከዚያ የእኔን፣ ከእኔ ቀጥሎ ወለተ ኪዳንን። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሳትጠሪያት አድረሽ አታውቂም። ልጅ ሆኜ 'ወለተ ኪዳን ማናት?' ስልሽ ምን ነበር ያልሽኝ?"

ሸዋረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

"'እህትህ ናት፣ ሩቅ አገር ነው ያለችው' አልሽኝ።"

እኔ ጫማዬን አውልቄ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ማን ጠየቀህ? አንተው ነህ የምትጎዳው! ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሊያሳልፍህ በተዘጋጀበት ቀን፣ አንተ ምን ቤት ነህና ታፈርሰዋለህ?

"እወዳታለሁ፣ አባ" አለ ወደ ቄሱ ዞሮ። "ጉባኤው ቢያጋባን ደስታዬ ነበር። ግን ነገ መስቀል ይዤ ሰው እውነቱን እንዲናገር የማናዝዝ እኔ ነኝ። እናቴን አስዋሽቼ ያን መስቀል እንዴት እይዛለሁ?"

ሸዋረግ ካለችበት ተንበረከከች። "ልጄ ናት" አለች። "ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። ስለ እሷ ሰይጣንን የካድኩት እኔ ነኝ፤ ስለ እሷ አምናለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ሴት ልጅ አልሰጠኝም ነበር፤ በዚያ ክረምት ሰጠኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ይቅር በሉኝ።"

ቄስ ሐብተ ማርያም መስቀሉን ከጠረጴዛው አንስተው ግንባሯ ላይ አኖሩላት። ከዚያ በኋላ ፍርድ የሚባል ነገር አልተነገረም፤ አያስፈልግም ነበር።

ፀደንያ ተነሳች። እኔ ወደ እኔ ትመጣለች ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። አልፋኝ ሄደች። ሸዋረግን ደግፋ አነሳቻት፣ ጉልበቷን ሳመች፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቱ እናቷን ነው ያነሳችው፤ ምን ልበል? የእኔ እጅ ተዘርግቶ ቀረና በነጠላዬ ሸፈንኩት። ከዚያ ህሩይ ፊት ቆመች። ሊናገር ሞከረ፣ አቃተው፣ እንደገና ሞከረ።

"እህቴ" አላት።

"እሺ፣ ወንድሜ" አለችው።

ይኸው ነው። አለበልና ይመኙሽ በሳምንቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔን ፀደንያ ዛሬም "እማ የትናየት" ትለኛለች፤ እኔ ግን ሰው "ልጅ አለሽ?" ሲለኝ እንደ ድሮው ቶሎ አልመልስም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሸዋረግ ቤት ሄዳ ግፊቷን ትለካላታለች፣ አብራት ምሳ ትበላለች። ለህሩይ ሌላ ሚስት ሊፈልጉለት ያሰቡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ "ቆዩኝ" አላቸው፣ እስካሁን እያቆያቸው ነው። ቅስናውም ቆሟል። ፀደንያ በምትመጣበት ሰዓት ነጠላውን ለብሶ ከቤት ይወጣል፤ የት እንደሚሄድ እናቱም አታውቅም። ወንድም ከእህቱ አይሸሽም። ህሩይ ግን ይሸሻል።